መቶ ከመቶ በባህል ጂኦግራፊ

የአሥራ አንደኛ ክፍል የባህል ጂኦግራፊ መጽሐፍ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው። ተራራና ወንዝ የለበትም። እኔ አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ዓመት የመጨረሻዎቹ የተራራና የወንዝ ካርታዎች ከየክፍሉ ግድግዳ ወርደው ነበር። የልጄ መጽሐፍ የሚጀምረው በሰላምታ ነው። የአራተኛ ቀጠና ሰው ጠዋት ጎረቤቱን ሲያገኝ ስንት ጊዜ ደህንነቱን ይጠይቃል፣ በምን ያህል ርቀት ይቆማል፣ ቀድሞ የሚሰናበተው ማን ነው። ምዕራፍ ሁለት ግብዣ ነው። ሦስተኛው ጠብና ዕርቅ። ሰባተኛው ለቅሶ ሲሆን ከሁሉም የሚረዝመው እሱ ነው።

መጽሐፉ ቤት በገባበት ቀን ፍካት ሽፋኑን ሳትገልጥ እኔ አንብቤ ጨረስኩት።

ፍካት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ የአራተኛ ቀጠና ሰው ነኝ፤ አባቷ ማቴዎስ የዘጠነኛ ነበር። እንደኛ ያለ ድብልቅ ቤት ውስጥ የተወለዱ ልጆች እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ከሚያሳድጋቸው ወላጅ ጋር ይቆያሉ። ሰኔ ላይ የባህል ጂኦግራፊ ውጤታቸው ይደመርና ምደባ ይወጣል። አራተኛ ከደረሳት እዚሁ አዲስ ቅያስ ውስጥ፣ እኔው ቤት ትቀራለች። ዘጠነኛ ከደረሳት በስምንት ቀን ትሄዳለች። የሄደ አይመለስም። በዓመት አንድ ጉብኝት ይፈቀዳል፤ እሱም አራት ሰዓት ነው።

ማቴዎስን የወሰዱት ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት፣ የጎልማሶች ምደባ በተጀመረበት ዓመት ነው። ያሰፈሩት ከተወለደበት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቆላ ላይ ነበር፤ ካርታው ላይ ግን ያው ቀጠና ነው። ሁለተኛውን ክረምት አልጨረሰም። ስለዚህ ለፍካት ዘጠነኛ ማለት አባቷ ያለበት አገር አይደለም። ማንም የሌላት አገር ነው።

ሰላምታዋንና ግብዣዋን እየመዘገበ ነጥብ የሚይዘውን ቆጣሪ መስከረም ሃያ ቀን ግራ እጇ ላይ አሰሩላት። ለመታጠብም አይወልቅም። ቤት ውስጥ ከወላጅ ጋር ያለውን አይቆጥርም፤ ሥራውን የሚጀምረው ደጃፍ ሲታለፍ ነው። ይህን ገጽ ስድስት ላይ ሳነብ ጊዜ እንዳለን ገባኝ። ልምምዱን በዚያው ቅዳሜ ጀመርን።

"እኔ ባለቤት፣ አንቺ እንግዳ" አልኳትና ሽሮውን በሳህን ይዤ መጣሁ። "ብዪ እንጂ ፍካትዬ፣ ቅመሽ።"

"እሺ" ብላ እጇን ዘረጋች።

"ምን እሺ አለው? ገና አንዴ ሲሉሽ?"

"እርቦኛላ እማ።"

"ቢርብሽም። መጀመሪያ 'ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት' ትያለሽ። ሲደግሙልሽ 'አይ፣ በቃኝ' ትያለሽ። በሞቴ ሲሉሽ ያኔ እጅሽን ትታጠቢያለሽ።"

"በሞቴ ባይሉኝስ?"

"ይላሉ።"

"ባይሉስ? ጦሜን ልመለስ ነው?"

"ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ይላሉ ተብሎ ተጽፏል።"

ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት ማለት ግን ውሸት ነው እኮ።"

"ውሸት አይደለም፣ ባህል ነው።"

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"ልዩነታቸው ሰኔ ላይ ይታወቃል" አልኳት። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና አሞቅሁትና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ሥራው መጽሐፉን ማስጠናት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከባዱ ከማቴዎስ የወሰደችውን ማስተው ነበር። በእነሱ አገር ምግብ ሲቀርብ ወዲያው ይበላል፤ እንቢ ማለት ያበሰለችውን ሴት መናቅ ነው። ፍካት ይህን ከሕፃንነቷ ከአባቷ ጭን ላይ ነው የለመደችው። ሌላም ነበራት። አንድ ነገር ሲገርማት እንደሱ ምላሷን ላንቃዋ ላይ ታጮኻለች። ለሽማግሌ ዕቃ ስትሰጥ በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ትደግፋለች። ለሰው ስትናገር መጀመሪያ ስሙን ትጠራለች፣ ከዚያ ትንሽ ቆይታ ነገሩን ትጀምራለች። አንድ በአንድ እየለቀምኩ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፤ አሥራ አራት ሆኑ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልምምድ መሆኑን ሳልገልጽ የሚያስገርም ነገር እነግራትና ምላሷን እጠብቅ ነበር። ካጮኸች "እህ" እላለሁ። በቃ፣ እህ ብቻ። ታኅሣሥ ሲገባ ስትገረም ዝም ማለት ጀመረች።

ያን ቀን ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልፈልግም።

ለሙከራ እታች ፎቅ ወደሚኖሩት እማማ ሊዲያ ዘንድ ይዣት ወረድኩ። እማማ ሊዲያ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከአራተኛ ቀጠና ወጥተው አያውቁም፤ አራተኛ ቀጠና አራተኛ ቀጠና ከመባሉም በፊት እዚሁ ነበሩ። ከእሳቸው የተሻለ ፈታኝ አይገኝም ብዬ ነው።

"ግቢ ልጄ፣ ሽሮ አለች፣ ብዪ" አሏት።

"ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" አለች ፍካት።

"ተዪዋ እንግዲህ" አሉና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ፍካት ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ሳልኩ። እማማ ሊዲያ ጉርሻቸውን አጋምሰው ቀና አሉ።

"ምን ያስልሻል ትርሲት? ብርድ መታሽ?" ከዚያ የልጅቷን እጅ አዩ። "እ። ለቆጣሪው ነው እንዴ? ቀድመሽ አትነግሪኝም?" ጎንበስ ብለው ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ቆጣሪው ላይ ጮኹበት። "በሞቴ ብዪ የኔ ልጅ። አፈር ስሆን ብዪ።"

"አንድ ይቀራል እማማ" አለች ፍካት በሹክሹክታ። "መጀመሪያ 'አይ በቃኝ' ማለት አለብኝ።"

"በይዋ ታዲያ፣ ማን ከለከለሽ? በእኛ ጊዜ እንግዳ የሚመጣው ሲርበው ነበር። ሳህን ቀድሞት ነበር የሚቀመጠው።"

ፍካት "አይ፣ በቃኝ" አለች፣ እማማ "በሞቴ" ደገሙ፤ ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ በሉ። እኔ አልሳቅሁም። አሮጊቷ ራሳቸው ቢፈተኑ ምዕራፍ ሁለትን እንደሚወድቁ እያሰብኩ ነበር። ይህ ነገር ወዴት እንደሚያመራ ያኔ ሊገባኝ ይችል ነበር። የገባኝ ግን ተቃራኒው ነው። ሌሎቹ መውደቅ ይችላሉ፣ ቦታቸው ነው፤ የእኔ ልጅ አንዲት ስህተት አትችልም አልኩ።

የካቲት ላይ ወላጆች ለግማሽ ዓመት ውጤት ተጠራን። የባህል ጂኦግራፊ መምህሯ መምህር ይርዳው ይባላሉ፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ናቸው። ወጣት ሳሉ ወንዝ ያስተምሩ እንደነበር ተማሪዎቹ ይቀልዱባቸዋል። ከእኔ በፊት የተሰለፈችው እናት፣ ሃና የምትባል የአራተኛ ቀጠና ተወላጅ፣ የልጇን ወረቀት ተቀብላ ሳቀች። ስልሳ አንድ ነበር።

"ይቺ ሆዳም" አለች ለእኔ እያሳየችኝ። "ምግብ ስታይ ማን ይይዛታል? ሰላምታዋም እንደ ፍየል ነው፤ ታልፍሻለች።" ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምንም አልመሰላት። የእሷ ልጅ ሁለት ወላጆቿም አራተኛ ናቸው፤ የትም አትሄድም።

መምህር ይርዳው የፍካትን ወረቀት ወዲያው አልሰጡኝም።

"ፍካት መቶ ከመቶ ናት" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሃያ ሰባት ዓመት ሳስተምር መቶ ሰጥቼ አላውቅም።" ድምፃቸው የሚያመሰግን ሰው ድምፅ አልነበረም። "ወይዘሮ ትርሲት፣ አንዳንዴ ብትሳሳት ጥሩ ነው።"

"እንዴት ማለት መምህር?"

"ልጅ እኮ ናት። አንድ ቀን ጎረቤቷን ሰላም ሳትል ትለፍ። አንድ ቀን ሲያቀርቡላት ዝም ብላ ትብላ።"

"ከመቶው ይቀነስባት ነው የሚሉኝ?"

"ይቀነስ። ብዙ ይቀነስ።" ዙሪያቸውን አዩ። በእጃቸው ቆጣሪ አለ፤ የመምህራን ቆጣሪ ጥቁር ነው። "ከዚህ በላይ ልነግርዎት አልችልም" አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ።

ሰው የልጅሽን ውጤት አስቀንሺ ሲልሽ ምን ታስቢያለሽ? እያንዳንዱ መምህር ኮታ አለው ይባላል። ከየክፍሉ የተወሰኑ ድብልቅ ልጆች ለሌላ ቀጠና ካልተለቀቁ መምህሩ ይጠየቃል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ውሃ ሰልፍ ላይ የሰማሁት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤቴ አርባ ደቂቃ ነው፤ ቤት ስደርስ ነገሩን ጨርሼ ገጣጥሜው ነበር። በክፍሉ ውስጥ ድብልቅ አራት ናቸው። አንዷን ሊጥሉ ነው። የመረጡት ደግሞ አባት የሌላትን ነው።

"ከዚህ ሰውዬ ተጠንቀቂ" አልኳት ለፍካት።

"ቲቸር ይርዳው? እሳቸው እኮ ጥሩ ሰው ናቸው።"

"ጥሩ ሰው የሚመስሉትን ነው መፍራት።"

"መጥፎ የሚመስሉትንስ?"

"እነሱንም።"

"ታዲያ የማንፈራው ማንን ነው እማ?"

ልምምዱን በቀን ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት አሳደግሁት። መጋቢት ላይ ደረጃ ስትወጣ በስንተኛው እርምጃ ላይ ቀና ብላ ጎረቤት ሰላም እንደምትል ሳይቀር ተለማምደን ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ሳላያት ከኋላዬ መጣችና "እንዴት ዋሉ፣ ደህና ዋሉ፣ ቤተሰብ ደህና?" አለችኝ። እናቷ መሆኔን ያወቀችው ፊቴን ስመልስ ነው። በትክክለኛው ርቀት ቆማ ነበር።

የለቅሶ ፈተና ቀን አይቆረጥለትም። ሰው ሲሞት ይመጣል። በግንቦት ወር ሰፈሩ ውስጥ ማንም ካልሞተ ተማሪዎቹን በአውቶቡስ ወደሞተበት ሰፈር ይወስዷቸዋል። የእኛ ብሎክ በዚህ በኩል አልተቸገረም፤ ግንቦት ዘጠኝ ቀን የሁለተኛ ፎቁ አቶ ናትናኤል ሞቱ። በማግስቱ ስድስት ተማሪዎች ከሁለት መዛኞች ጋር መጡ። መዛኞቹ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው፤ ሐዘንተኞቹ ቦታ ለቀቁላቸው።

የመጀመሪያው ልጅ ሲገባ እግሩን ምንጣፍ ያዘውና ሳቁ አመለጠው። የሃና ልጅ እህል ውሃው ወዳለበት ቀጥ ብላ ሄደች። ከሟቹ ጎን ያለው ቤት ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪ ጭራሽ አልገባችም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች አለቀሰች። መዛኞቹ የእነዚህን ሁሉ ጻፉ።

ፍካት አራተኛ ነበረች። ከበሩ ሦስት እርምጃ ገብታ ቆመች። የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እንባዋ መጣ። ወደ ባለቤታቸው ሄዳ አንገታቸውን አቅፋ፣ በቀኝ በኩል ተቀመጠች፣ አንገቷን ደፋች። ለመቀመጥ የተፈቀደው ሃያ ደቂቃ ሲሆን ተነስታ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብላ ወጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ለቅሶ አላየሁም። እናት ነኝ፤ እዚያ ሰው ሞቶ ተቀምጬ ኮራሁ።

ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ አቶ ናትናኤል እኮ ናቸው ብስክሌት ያስተማሩኝ።"

"አውቃለሁ።"

"አላለቀስኩላቸውም።"

"አልቅሰሻል እንጂ፣ አይቼሻለሁ።"

"እሱ ምዕራፍ ሰባት ነው" አለች።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ምደባው ወጣ። ከስሟ ፊት ለፊት መቶ ተጽፏል። ከመቶው ቀጥሎ አራትም ዘጠኝም የለም። "ማሳያ መንደር" ይላል።

ማሳያ መንደር ከአዲስ ቅያስ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። የየቀጠናው ሕፃናት ባህላቸውን እንዲያዩ በአውቶቡስ የሚወሰዱት እዚያ ነው። አሥራ አንድ መንገድ አለው፤ በየመንገዱ መግቢያ የቀጠናው ቁጥር ተሰቅሏል። ነዋሪዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሰላም ይባባላሉ፣ ይጋበዛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ለቅሶ አለ። ጎብኚ ሊያናግራቸው ይችላል፤ እነሱ ግን የሚመልሱት በመጽሐፉ ነው። ዓመታዊ ጉብኝት የላቸውም፤ ሁልጊዜ የሚጎበኙ ስለሆነ ተብሎ ነው።

ለቅሬታ ሦስት ቀን ይሰጣል። ሁለታችንም ቀረብን። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የምትናገረው መካከል የተቀመጠችው ወጣት ሴት ብቻ ናት። እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ነው የተቀበለችን።

"ልጄ አራተኛ ናት" አልኩ። "መቶ ያመጣችው በአራተኛ ቀጠና መጽሐፍ ነው። ሌላ ምን ትሁን?"

"የአራተኛ ተወላጅ ልጆች አማካይ ውጤት ስንት ይመስልዎታል?"

"አላውቅም።"

"ስልሳ አንድ። እርስዎ ራስዎ ባለፈው የጎልማሶች ቆጠራ ስንት አመጡ?"

ከፊቷ ያለውን ወረቀት አየሁ።

"ሃምሳ ሰባት" አለች ከፊቷ ካለው ላይ አንብባ። "መቶ ያመጣ ተወላጅ የለም። ልጅዎ ዘንድሮ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ምግብ ቀርቦላታል። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስቱንም ጊዜ ሁለቴ እንቢ ብላ ሦስተኛው ላይ በልታለች። አንድ ቀን እንኳ አልራባትም? አንድ ቀን እንኳ አልጠገበችም?"

"እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እናት ለልጇ ታስተምራለች፤ ባህል የሚባለው ያ አይደለም እንዴ?"

"ባህል ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነው። ትርጉሙ ገጽ ሁለት ላይ አለ።" ወረቀት ገለበጠች። "መምህሯ በየካቲት 'ተማሪዋ በርካታ የተፈጥሮ ስህተት ትሠራለች' የሚል ማስታወሻ ጽፈውላት ነበር። ያ ቢጸና አራተኛ ትሆን ነበር። ቆጣሪው ግን አልደገፈላቸውም፤ አንድም ስህተት አላገኘባትም። መምህሩም ስለዚሁ ተጠይቀዋል።"

አንዲት ስህተት ነበር የጎደለን። ሰውዬው ሊሰጡን ሞክረው ነበር። እኔ ነኝ ያላስነካሁት።

ያን ጊዜ ፍካት ሳትጠየቅ ተናገረች።

"ሳያስቡት የሚያደርጉት ከሆነ፣ እኛ ቤት ሳናስበው የምናደርገው ነገር አለ" አለች። "መፍራት።"

ሴትዮዋ ቀና አላለችም። "እሱ በአሥራ አንዱም ቀጠና አለ" አለች። "ለመለየት አይጠቅምም።"

በስምንተኛው ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ቆጣሪውን ከመሳፈሯ በፊት ፈቱላት፤ የማሳያ ሰዎች አያስፈልጋቸውም። አንጓዋ ላይ ፀሐይ ያላየው ቆዳ ነጣ ብሎ ቀረ። ሌሎች የሚሄዱ ልጆችም ነበሩ፤ እናቶቻቸው እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

"ምን ልበልሽ እማ?" አለችኝ።

"ደስ ያለሽን።"

ትንሽ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን እየነከሰች ነበር። "ምን እንደሚባል አላውቅም። ለዚህ ምዕራፍ የለውም።"

"የለውም" አልኩ።

በኋላ ሹፌሩ ስሟን ጠራ። ይቅርታ ልላት ነበር የመጣሁት። አውቶቡሱ ሲዞር ገና ከየት እንደምጀምረው እያሰብኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቼ መጡ። ሞት አይደለም፤ ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ማንም አላወቀም። እማማ ሊዲያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የመጡት፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ተጠራጥረው አቀኑት። ሰባት ሆንን። አንዷ ዳቦ ይዛ መጥታ የት እንደምታስቀምጠው አጥታ ታቅፋው ተቀመጠች። ወሬም አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። ያም ቢሆን ሰዎች ነበሩ፤ ቤቱ ባዶ አልነበረም፤ እና ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ሊመጣ ጀምሮ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። መምህር ይርዳው ነበሩ፤ ከኋላቸው ዘጠኝ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ተሰልፈዋል። በየካቲት ካየኋቸው ከስተዋል። ዓይኔን ሳያዩ ተናገሩ።

"ወይዘሮ ትርሲት፣ ተልኬ ነው። መጽሐፉ ላይ አዲስ ምዕራፍ ሊጨመር ነው። ስምንተኛ። ልጅ የተመደበበት ቤት በአራተኛ ቀጠና እንዴት እንደሚጽናና።"

"እንዴት ነው የሚጽናናው?"

"እስካሁን የተጻፈ የለም። ዛሬ እዚህ የሚደረገው ይጻፋል።"

"ከተጻፈ በኋላስ?"

መልሱን እኔም አውቀው ነበር። "ለሚመጣው ዓመት ይፈተኑበታል" አሉ።

"መምህር" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "በየካቲት የነገሩኝ ነገር..."

"ተዉት" አሉኝ። "አሁን እንዳይናገሩት።" ጥቁሩን ቆጣሪያቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው "ግድግዳውን ተጠግታችሁ ቁሙ፣ አትረብሹ" አሉ።

ዘጠኙ ልጆች ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። አንዷ የፍካትን ያህል ትሆናለች፤ ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች። የድብልቅ ቤት ልጅ ትሆን ወይም አትሆን በዓይን አይታወቅም። እኔ ካለቀስኩ በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለ ቤት ገብታ እንባ ያልመጣላት ልጅ ትወሰዳለች። ካላለቀስኩ እንባዋን ያልቻለችው ትወሰዳለች። ደረቴን ብመታ ያልመታችው፣ መሬት ብቀመጥ ወንበር ላይ የተቀመጠችው። በየትኛውም በኩል ሳስበው አንዲት ልጅ አውቶቡስ ላይ ትወጣ ነበር።

እማማ ሊዲያ ከአጠገቤ ተነፈሱ። "ወይኔ ፍካቴ" ብለው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ ከግድግዳው በኩል የደብተር ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ጉልበታቸውን ያዝኩት። አዩኝ፤ ተማሪዎቹን አዩ፤ ድምፁን ዋጡት። ዓይናቸው የሞላውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው አፋቸውን ዘጉ።

ምንም ካላደረግሁ የሚጻፍ ነገር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ፣ ፊት ለፊት አየሁ፣ ደረቴ ውስጥ ያለውን ወደ ታች መለስኩት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር።

"ምን ጻፍሽ?" አሉ መምህር ይርዳው።

ጥፍሯን የበላችው ልጅ ከደብተሯ አነበበች። "የአራተኛ ቀጠና እናት ልጇ ስትመደብ አታለቅስም፣ ቲቸር።"

"እጇስ?"

"ጉልበቷ ላይ ነው። ሁለቱም።"

"ጎረቤቶቿስ?"

ልጅቷ ቀና ብላ ዞር ዞር እያለች ተመለከተች፤ እኔም አብሬያት ተመለከትኩ። ዳቦ የያዘችው ሴት ዳቦውን መሬት አስቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለችው። እማማ ሊዲያ ብቻ ቀርተው ነበር፤ እያየኋቸው እጆቻቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

"ያው እንደሷ ናቸው" አለችና ጻፈች።